ሁለቱ መመለሶች፦ የንስሐ ትርጉም በክርስቲያናዊ ሕይወት

ንስሐ በክርስትና ስብከት መጀመሪያ የተነገረ ቃል ነው። መጥምቁ ዮሐንስ በይሁዳ ምድረ በዳ አዋጁን የከፈተው በዚህ ቃል ነው፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ከአርባ ቀን ጾሙ በኋላ በገሊላ ማስተማር ሲጀምር ያስቀደመው ይህንኑ ነው፤ በበዓለ ኀምሳ ዕለት ትምህርቱን ሰምተው ልባቸው የተነካ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጠየቁ ጊዜም ቅዱስ ጴጥሮስ ከጥምቀት አስቀድሞ ያዘዛቸው ንስሐን ነበር። ቃሉ እንዲህ የምሥራች መክፈቻ ሆኖ ሳለ በብዙ ምእመናን ጆሮ ግን የሚያስፈራ ድምፅ አለው፤ ሲሰማ የሚታወሰው ያለፈ በደል መቍጠር፣ በካህን ፊት ማፈር፣ የጾምና የስግደት ቀንበር መሸከም ነው። በዚህም ምክንያት ንስሐ በሰውና በፈጣሪው መካከል የተከፈተ የዕዳ መዝገብ የሚዘጋበት፣ በደሉ ተመዝኖ ዋጋው የሚከፈልበት ሥርዓት ተደርጎ ይታሰባል።

ይህ አስተሳሰብ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ስሕተቱ ባለገንዘቡ ማን እንደሆነ አለመለየቱ ነው። በንስሐ ውስጥ በእርግጥ የሚከፈል ዕዳ አለ፤ ይሁን እንጂ ለእግዚአብሔር ሰው ሊከፍለው የሚችል ዋጋ ስለሌለው ወደ እርሱ መመለስ ብቻ ይቻለዋል፤ ለበደለው ባልንጀራው ግን የወሰደውን የመመለስ፣ የሰበረውን የመጠገን ግዴታ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሰው እግዚአብሔርን በስግደት ቍጥር ሊከፍለው ይሞክራል፣ የበደለው ሰው ግን ያለ ካሳ ይቅር እንዲለው ይጠብቃል። የንስሐን ትርጉም መረዳት በአመዛኙ ይህን የተገለበጠ ሒሳብ ወደ ቦታው ማምጣት ነው።

ቃሉና ፍቺው

«ንስሐ» የሚለው ስም «ነስሐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡ ተጸጸተ፣ ባደረገው ነገር አዘነ፣ ከክፉ ሥራው ተመለሰ የሚል ፍቺ አለው። የብሉይ ኪዳን ነቢያት ሕዝቡን ወደ ንስሐ ሲጠሩ በብዛት የተጠቀሙበት የዕብራይስጥ ቃል ደግሞ «ሹብ» ነው፤ ይህም መንገደኛ ከሄደበት ዞሮ መምጣቱን የሚያመለክት የዘወትር ቃል ሲሆን፣ የአይሁድ ሊቃውንት በኋላ ዘመን ንስሐን የሚጠሩበት «ተሹባ» የሚለው ስም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። አዲስ ኪዳን የተጻፈበት የግሪክ ቋንቋ «ሜታኖያ» ይለዋል፤ ትርጉሙም የአእምሮ መለወጥ፣ አንድን ነገር ቀድሞ ካዩበት ዐይን በሌላ ዐይን ማየት ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች የአንዱን ነገር ሦስት ገጽ ያሳያሉ፤ ግእዙ የልብን ሐዘን፣ ግሪኩ የአእምሮን መለወጥ፣ ዕብራይስጡ የእግርን መዞር ያስቀድማል። ሐዘን ኖሮ እግር ካልዞረ ለቅሶ ብቻ ይሆናል፤ እግር ዞሮ አእምሮ ካልተለወጠ ደግሞ ሰውየው ዛሬ የተወውን ነገ መልሶ ይፈልገዋል።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱን ማስተዋል ጨምሯል። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ንስሐ ሲናገር «አደረገ» አይልም፤ ቤት ገባ፣ ጥላ ሥር ገባ፣ ገዳም ገባ እንደሚል «ንስሐ ገባ» ይላል። በዚህ አነጋገር ንስሐ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ሳይሆን ተገብቶ የሚኖርበት መጠለያ ነው። ከዚህም በላይ «መመለስ» የሚለው የአማርኛ ቃል በጽሕፈት አንድ ሆኖ በንባብ ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ፊደል ጠብቆ ሲነበብ የሄደ ሰው ተመልሶ መምጣቱን፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ የተወሰደ ነገር ለባለቤቱ መሰጠቱን ያመለክታል። አንደኛው መመለስ ከእግዚአብሔር ጋር፣ ሁለተኛው ከባልንጀራ ጋር ያለውን የንስሐ ገጽ ስለሚያሳይ፣ አንዱን ያለ ሌላው የያዘ ሰው የንስሐውን ግማሽ ብቻ ይዟል።

ጸጸት ብቻውን ንስሐ አይደለም

ይህን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያጎላው በሕማማት ሳምንት የወደቁት የሁለቱ ሐዋርያት ታሪክ ነው። ይሁዳ ጌታውን በሠላሳ ብር አሳልፎ ሰጠ፤ ጴጥሮስ በአንዲት ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደው። ሁለቱም ተጸጽተዋል፤ እንዲያውም በውጭ ለሚመለከት ሰው የይሁዳ ጸጸት የበለጠ ተግባር የታየበት ይመስላል፤ ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በካህናት አለቆችና በሽማግሌዎች ፊት አምኗል፤ የተቀበለውንም ብር መልሷል። ጴጥሮስ ያደረገው ወጥቶ ምርር ብሎ ማልቀስ ብቻ ነበር። የማቴዎስ ወንጌል በግሪክኛው የይሁዳን ጸጸት «ሜታኖያ» በሚለው ቃል አለመጥራቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ የተጠቀመበት ሌላ ቃል ነው፤ እርሱም በተደረገው ነገር መቈጨትን ብቻ ያመለክታል።

የሁለቱ ልዩነት በበደሉ መጠን ወይም በለቅሶው ብዛት የሚለካ አይደለም። ይሁዳ ገንዘቡን መለሰ፣ ራሱ ግን አልተመለሰም፤ ያውም ገንዘቡን የሰጠው ለተበደለው ሳይሆን በበደሉ ለተባበሩት ሰዎች ነበር፤ እነርሱም ነገሩ የራሱ ጉዳይ እንደሆነ ነግረው አሰናበቱት። መሄጃ የሌለው ጸጸት ወደ ባለቤቱ ዞሮ ራሱን ያጠፋዋል። ጴጥሮስ ግን ከወንድሞቹ ሳይለይ ቆየ፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳርም የቆመው ጌታ መሆኑን በሰማ ጊዜ ታንኳይቱ እስክትደርስ ሳይጠብቅ ወደ ባሕር ገባ። ዮሐንስ ወንጌላዊ እንደሚተርከው በካደባት ሌሊት ይሞቅ የነበረው የፍም እሳት ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላም በባሕሩ ዳር የጠበቀው የፍም እሳት ነው፤ ሦስት ጊዜ የካደው ሰው በዚያ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ተጠየቀ። ጌታ ስለ ክሕደቱ ምንም ዋጋ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው ይወደው እንደሆነ ነው፤ ወዲያውም በጎቹን እንዲጠብቅ አደራ ሰጠው።

ብሉይ ኪዳንም ተመሳሳይ ጥንድ አለው። ሳኦልም ዳዊትም በነቢይ ተገሥጸው በደላቸውን በቃላቸው አምነዋል። ሳኦል በአማሌቅ ዘመቻ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ተላልፎ ሳሙኤል በመጣበት ጊዜ በመጀመሪያ ጥፋቱን ለሕዝቡ ሰጠ፤ በመጨረሻም መበደሉን ሲያምን አከታትሎ የለመነው በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት ክብሩ እንዲጠበቅለት ነበር። ዳዊት ግን በኦርዮን ደምና በሚስቱ ነገር ናታን በምሳሌ ባጋለጠው ጊዜ ንጉሥ እያለ ሰበብ አላቀረበም፤ ክብሩንም አልጠየቀም። ሳኦል የፈራው መታየትን ነው፤ ዳዊት ያዘነው በደሉን ነው። መዝሙር 50 ከዚህ የዳዊት ንስሐ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ በየዕለቱ ጸሎት መነበቡ ቤተ ክርስቲያን ከሁለቱ ነገሥታት የትኛውን የንስሐ መምህር አድርጋ እንደመረጠች ያሳያል።

ኑዛዜ ማለት መጽናናት ነው

ንስሐ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ሲሆን፣ አፈጻጸሙም በየንስሐ አባት በኩል ነው። የንስሐ አባት፣ በሌላ ስሙ የነፍስ አባት፣ የአንድን ቤተሰብ መንፈሳዊ ሕይወት እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ካህን ነው፤ ቤቱን ጠበል ይረጫል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ የታመመውን ይጠይቃል፣ የተናዘዘውንም ምስጢር እስከ መቃብር ይጠብቃል። ተነሳሒው «ይፍቱኝ» ሲለው ካህኑ የሚመልሰው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ነው፤ በዚህ አጭር ምልልስ ውስጥ የምስጢሩ ትምህርት በሙሉ አለ፤ የሚሰማው ጆሮ የሰው ነው፤ የሚፈታው ግን እግዚአብሔር ነው።

በደልን ለሰው መናገር ለምን እንዳስፈለገ ብዙዎች ይጠይቃሉ፤ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እያለ ካህን መስማቱ ትርፍ ይመስላቸዋልና። መልሱ በከፊል በቃሉ ውስጥ ይገኛል። «ናዘዘ» በግእዝ አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው፤ «መናዝዝ» አጽናኝ፣ «ኑዛዜ» መጽናናት ነው። ስለዚህ ተናዘዘ የተባለ ሰው በቃሉ ጥንተ ትርጉም መጽናናትን የተቀበለ ሰው ነው። ሰው በሕሊናው ብቻ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ከሳሹም ተከሳሹም ጠበቃውም እርሱ ስለሚሆን፣ አንድ ጊዜ ራሱን ያለ ልክ ይኰንናል፣ ሌላ ጊዜ ያለ ልክ ይምራል። ቃል ሆኖ ከአፍ የወጣ በደል ግን መጠኑ ይታወቃል፤ ከተሰወረበት ወጥቶ በሌላ ሰው ፊት ስለሚቆም እንደ ጭራቅ አይገዝፍም፣ እንደ ትንሽ ነገርም አይሸፈንም። ሐዋርያው ያዕቆብ ምእመናን በደላቸውን እርስ በርሳቸው እንዲናዘዙ ሲያዝ ከፈውስ ጋር ማያያዙ በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ ኑዛዜ የሚለው ቃል በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ስለ ንብረቱ የሚሰጠውን የመጨረሻ ቃልም ያመለክታል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ በቀድሞው ልማድ ታማሚው የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ኃጢአቱን ከተናገረበት አፍ ሳይለይ የማን ዕዳ እንዳለበት፣ የማንን ድንበር እንደገፋ፣ ለማን ምን መሰጠት እንዳለበት ይናገር ነበር። ለእግዚአብሔር የሚነገረውና ለባልንጀራ የሚመለሰው በአንድ ቃል መጠራታቸው ሁለቱ መመለሶች በሕዝቡ ልብ ተለያይተው እንዳልኖሩ ይመሰክራል።

ቀኖና መድኃኒት እንጂ ዋጋ አይደለም

ከኑዛዜ በኋላ ካህኑ ለተነሳሒው የሚሰጠው የጾም፣ የጸሎት፣ የስግደትና የምጽዋት ትእዛዝ «ቀኖና» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ የመለኪያ ዘንግ ማለት ነው፤ አናጺ የጣውላን ቅንነት የሚያይበት ዓይነት። ብዙ ሰዎች ንስሐን እንደ ዕዳ አከፋፈል የሚያዩት በቀኖና ምክንያት ነው፤ በደል ተነግሮ ቍጥር ያለው ስግደት ሲታዘዝ ሁለተኛው የአንደኛው ዋጋ ይመስላልና። የቀኖና ታሪክ ግን ይህን ግምት አይደግፍም።

በመጀመሪያዎቹ መቶ ዘመናት ቤተ ክርስቲያንን ያስጨነቃት ጥያቄ ከጥምቀት በኋላ በከባድ ኃጢአት የወደቀ ሰው ዳግመኛ ተቀባይነት ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚል ነበር። በሁለተኛው መቶ ዘመን በሮም የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጐመው የሄርማ መጽሐፍ ከጥምቀት በኋላ አንድ ንስሐ እንዳለ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ250 የሮሙ ቄሣር ዳኬዎስ ሕዝቡ ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ሞትን ፈርተው ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ እንደሠዉ የሚመሰክር ወረቀት በገንዘብ ገዙ። ስደቱ ሲበርድ እነዚህ ሰዎች እያለቀሱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሙ። በሮም ኖቫትያኖስ የተባለው ካህን ለእነርሱ ምንም በር ሊከፈት አይገባም ብሎ ተገነጠለ፤ የቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ግን ንስሐቸው ተመርምሮ እንዲቀበሏቸው ተከራከረ። ቤተ ክርስቲያን የቆጵርያኖስን መንገድ መረጠች፤ ይህ ምርጫ ባይኖር ኖሮ ቤተ ክርስቲያን ወድቀው የማያውቁ ሰዎች ማኅበር ትሆን ነበር፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ደግሞ በምድር አባል አያገኝም።

ከዚያ በኋላ የተደነገጉት ቀኖናዎች በቍጥር ሲታዩ ከባድ ነበሩ። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት በዘመነ ስደት ሳይገደዱ የካዱ ሰዎች ሦስት ዓመት ከሚሰሙት ጋር፣ ሰባት ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቈርቡ ከሚጸልዩት ጋር እንዲቆዩ፣ በድምሩ 12 ዓመት ወሰኑ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያም አስቦ ነፍስ ላጠፋ ሰው 20 ዓመት መድቧል። ሆኖም የኒቅያ ጉባኤ በሚቀጥለው ቀኖናው በፍርሃተ እግዚአብሔር፣ በዕንባ፣ በትዕግሥትና በበጎ ሥራ መለወጣቸውን ላሳዩት ኤጲስ ቆጶሱ እንዲያቃልልላቸው ሲፈቅድ፣ ነገሩን ችላ ያሉትና ከቤተ ክርስቲያን መግባትን ብቻ ንስሐ የመሰላቸው ግን ዘመኑን በሙሉ እንዲፈጽሙ አዟል። በሞት አፋፍ ላለ ሰውም ሥጋ ወደሙ እንዳይከለከል ደንግጓል። ባስልዮስም የሚመዘነው የዘመኑ ርዝመት ሳይሆን የንስሐው ሁኔታ መሆኑን በቀኖናዎቹ መጨረሻ አስረድቷል።

ነገሩን የሚፈርደው ይህ ነው። ቀኖና ዋጋ ቢሆን ኖሮ ስለ ተበዳሪው ልብ ቅንነት ተብሎ የሚቀነስ አይሆንም ነበር፤ ዕዳ የሚጎድለው ሲከፈል ብቻ ነውና። መድኃኒት ግን በሽተኛው በዳነ ጊዜ ይቆማል፤ ለአንዱ የተመጠነው ለሌላው አይሆንም፤ የሚሰጠውም ሐኪሙን ለማስደሰት አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በእጅጉ የሚታወቀው «ዲድስቅልያ» ኤጲስ ቆጶሱን ቍስለኛን እንደሚያክም ርኅሩኅ ሐኪም አድርጎ ማስተማሩ ከዚህ ጋር ይስማማል። በትዕቢት ለወደቀ ሰው ስግደት፣ በስስት ለወደቀ ምጽዋት፣ ምላሱ ለጎዳው ዝምታ ቢታዘዝ በሽታውና መድኃኒቱ ይተያያሉ። በስቅለት ዕለት ማታ ምእመናን ወደ ካህናት ቀርበው በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ ሲደረጉና የስግደት ቍጥር ሲነገራቸውም የሚሆነው ይኸው ነው፤ በዕለቱ የታሰበው መከራ ዋጋውን ሌላ እንደከፈለው እየተነገረ፣ ለሰው የቀረለት የዚያ ፍቅር ምልክት በሥጋው ላይ እንዲያርፍ መፍቀድ ነው።

ለባልንጀራ የሚከፈለው ዕዳ

ለእግዚአብሔር የሚከፈል ዋጋ የለም ማለት ግን ንስሐ ያለ ካሳ ያልቃል ማለት አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ባልንጀራውን የበደለ ሰው ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውን እንዲመልስ፣ በላዩም አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለተበደለው እንዲሰጥ ታዟል። መጥምቁ ዮሐንስም ለንስሐ የሚገባ ፍሬ እንዲያፈሩ ባዘዘ ጊዜ ሕዝቡ፣ ቀራጮቹና ጭፍሮቹ በየተራ ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁት የመለሰላቸው ስለ ጾምና ስለ ስግደት አልነበረም፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፣ ቀራጩ ከታዘዘው አብልጦ እንዳይወስድ፣ ወታደሩ ሰውን እንዳይቀማና ደመወዙ እንዲበቃው ነበር። መልሶቹ ሁሉ የሰው ገንዘብና የሰው ክብርን ይመለከታሉ። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ሦስት ቀን ለምትጾመው ጾመ ነነዌ መሠረት የሆነው መጽሐፈ ዮናስም እግዚአብሔር የተመለከተው የነነዌ ሰዎችን ማቅ ሳይሆን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን እንደሆነ ይናገራል፤ ንጉሡ ሰዎች እንዲመለሱበት ካዘዘው መንገድ አንዱም በእጃቸው ያለው ግፍ ነበር።

የነገሩን ቅደም ተከተል ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የዘኬዎስ ታሪክ ነው። ይህ የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ከንብረቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ በሐሰት የወሰደውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቷል፤ ኦሪት ዘጸአት በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው አራት እጥፍ እንዲከፍል እንደሚያዝዘው ማለት ነው። ነገር ግን ጌታ በስሙ ጠርቶ በቤቱ ሊውል እንደሚገባው የነገረው ዘኬዎስ ገና በሾላው ዛፍ ላይ ሳለ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይመልስ ነበር። ስለዚህ ካሳው የጌታን መምጣት የገዛ ዋጋ አይደለም፤ የመምጣቱ ፍሬ ነው። ሆኖም ፍሬው ካልታየ ዛፉ መኖሩ አጠራጣሪ ይሆናል፤ ለዚያ ቤት መዳን እንደሆነለት የተነገረውም ዘኬዎስ ስለ ካሳው ቃል ከገባ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የእርቅ ባህል ይህን ትምህርት በተግባር ሲኖረው ቆይቷል። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ሲወድቅ፣ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው በደሉን ሲያስቆጥሩ፣ ካሳ ሲወስኑ፣ ካህኑም መስቀል ይዞ ሲያስታርቅ የሚፈጸመው ሥርዓት በደልን ማመንን፣ ዕዳን መክፈልንና ይቅር መባልን በአንድነት ይዟል። ድንጋዩ የሚወርደው በተበዳዩ ቃል እንጂ ተሸካሚው ስለ ደከመው አይደለም። ይህ ሥርዓት ባለበት አገር የሠራተኛውን ደመወዝ አስቀርቶ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሙሉ የሚጾም ሰው፣ የወንድሙን ርስት በሐሰት ምስክር ወስዶ ሺህ ጊዜ የሚሰግድ ሰው ሊያፍር ይገባል። ጾሙና ስግደቱ ራሳቸው የተቀደሱ ናቸው፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ይዞ ወደ መሠዊያው የሚቀርበውን ሰው ወንጌል መባውን ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዝዘዋል።

ሊመለስ የማይችል በደልም አለ። የጠፋ ነፍስ፣ የባከነ የልጅነት ዘመን፣ በሐሜት የረከሰ ስም እንደ ገንዘብ ተቈጥረው አይመለሱም። በዚህ ጊዜ ተነሳሒው የሚችለውን እስከ መጨረሻው ያደርጋል፤ ስም ያጠፋ ሰው ባጠፋበት አደባባይ ሐሰተኛነቱን ይናገራል፣ አባት የነጠቀ የልጆቹን ችግር ይሸከማል፣ የተበደለው ሞቶ ወራሽ ያልተገኘለትም ድርሻውን ለድኻ ይሰጣል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ምሕረት ይተዋል። የተበደለውን ሰው ግን ይቅር እንዲል ማስገደድ አይገባም። ይቅርታ በክርስትና የታዘዘ ቢሆንም በዳዩ በመብት የሚጠይቀው ነገር አይደለም፤ ቍስሉ እስኪደርቅ መጠበቅም የበደለኛው የንስሐ ክፍል ነው። ዳዊት ምሕረት ከተነገረው በኋላ እንኳ የበደሉ ጠንቅ በቤቱ ሲቀጥል እግዚአብሔርን አለማማረሩ ምሕረት መገኘቱና የጥፋት ውጤት መቅረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስተምራል።

ዛሬ ነገ ማለት

ንስሐን የዕዳ አከፋፈል አድርጎ ማየት የሚያስከትለው ሌላ ጉዳት ቀጠሮ ማብዛት ነው። በሥጋ ወደሙ ፊት በብዛት የሚታዩት ሕፃናትና አረጋውያን መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በመካከል ያለው ትውልድ ደግሜ እበድል ይሆናል በሚል ፍርሃት ንስሐን ለእርጅና ያቈየዋል። ይህ ፍርሃት ትሕትና ቢመስልም በውስጡ የዕዳን ሒሳብ የያዘ ነው፤ መዝገቡ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዘጋ ዕዳው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ ቢዘጋ ይሻላል እንደማለት ነው። በሽተኛ ግን ዳግመኛ እታመም ይሆናል ብሎ ሕክምናን እስከ ሞቱ ዋዜማ አያቈየውም። ነቅቶ መነሣት እንጂ አለመውደቅ ለሰው አልተሰጠውምና፣ ንስሐ በየዕለቱ የሚገባበት እንጂ በዕድሜ ማብቂያ የሚጎበኝ ቤት አይደለም።

በዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው በመስቀል ላይ በመጨረሻ ሰዓት የዳነው ፈያታዊ ዘየማን ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ንስሐን የቀጠረ ሰው አልነበረም፤ ወንጌሉ የሚነግረን ክርስቶስን ከጎኑ ተሰቅሎ ባየበት በዚያው ሰዓት እንዳመነ ነው። ከጎኑ የነበረው ሌላው ወንበዴም ያችው ሰዓት ነበረችው፤ ነገር ግን አልተጠቀመባትም። ስለዚህ የሁለቱ ታሪክ ያረፈደ ተስፋ እንዳይቈርጥ ያጽናናዋል፤ ሆን ብሎ ለሚያረፍድ ግን ዋስትና አይሰጠውም።

መፈታት

የምስጢረ ንስሐ ማሰሪያ ካህኑ በተነሳሒው ላይ የሚደግመው ጸሎት ሲሆን ስሙ «ፍትሐት» ይባላል። የመጣበት የግእዝ ግሥ «ፈትሐ» ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ፈታ፣ ለቀቀ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ፈረደ፣ ዳኘ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ንስሐ የገባው የሚለቀቅበት ጸሎትና ዳኛ የሚሰጠው ፍትሕ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ሕጉን የያዘው መጽሐፍም «ፍትሐ ነገሥት» ይባላል። ዛሬ ምሕረትና ፍርድ ተቃራኒ ሆነው ለሚታዩት አንባቢ ይህ ሥር ትልቅ ትምህርት አለው። ያልተፈረደ ነገር አይፈታም፤ በደሉ በስሙ ካልተጠራ፣ ተበዳዩ ካልታሰበ፣ የተወሰደው ካልተመለሰ፣ በበደለኛው አንገት ያለው ገመድ ይላላ እንደሆነ እንጂ አይወልቅም። በሌላ በኩል ሰውን እንደታሰረ የሚያስቀር ፍርድ የቃሉን ግማሽ ብቻ ይዟል።

በሉቃስ ወንጌል የተነገረው የጠፋው ልጅ በባዕድ አገር ተርቦ ሳለ ያሰበው ነገር ወደ አባቱ ሄዶ ከሞያተኞቹ እንደ አንዱ እንዲያደርገው መለመን ነበር። አስቦት የነበረው እየሠራ የሚኖርበትን የሎሌነት ውል ነው። አባቱ ግን ገና ሩቅ ሳለ አይቶት ሮጦ አቀፈው፤ ልጁም ያዘጋጀውን ንግግር ሳይጨርስ ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ ታዘዘለት። በአባቱ ቤት የሚከፈል ዋጋ አልነበረም፤ ጠብቆ የሚነበበው መመለስ ብቻ ይበቃ ነበር። በዚህ ተቈጥቶ በደጅ የቀረው ታላቅ ወንድሙ ግን እስከ ምሳሌው ፍጻሜ ወደ ቤት ሲገባ አልታየም። በአባቱ እቅፍ የገባ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ ወደዚያ ደጅ ወጥቶ ላልቶ የሚነበበውን መመለስ መጀመር ነው።